ዘሃራ ያጠፋችው ጧፍ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት የምስጋና በዓል፣ የታንክስጊቪንግ ማግስት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ የምሠራባት ከተማ፣ ሊንውድ ያለ ሰው ሁሉ ያን ቀን በንፋሱ ነው የሚያስታውሰው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ የሚሠራ ማሽን ድንገት ዝም ካለ፣ ፍሪጅም ቢሆን፣ ልቤ ቀጥ ይላል። ባለቤቴ ይስቅብኛል። ይሳቅ፤ እሱ እዚያ አልነበረም።

ስሜ ሙሉ ነው። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ሰባት ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ እዚህ ደግሞ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ኬርጊቨር፣ አስታማሚ ነኝ። ቤቱ ሲያዩት እንደማንኛውም ሰው መኖሪያ ነው፤ በረጃጅም ጥዶች መሐል፣ አንድ መግቢያ ብቻ ያላት አጭር መንገድ መጨረሻ ላይ ነው ያለው። የቤቱ ባለቤት እትዬ ለተ ይባላሉ። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ ናቸው፤ ቡሪየን የሚባል ሌላ ከተማ ውስጥም እንደዚሁ ያለ ሌላ ቤት አላቸው።

ከምንጦራቸው ሦስት ሰዎች ሁለቱ ለበዓሉ ቤተሰቦቻቸው ዘንድ ሄደው ነበር። ቤት የቀሩት ሚስ ሩት ብቻ ናቸው። ሚስ ሩት ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ፣ በሃይማኖት አይሁድ ናቸው። ሳንባቸው ስለደከመ በአፍንጫቸው በሚገባ ቀጭን ቱቦ ሁልጊዜ ኦክስጅን ይወስዳሉ። ኦክስጅኑን ከአየር እያጣራ የሚሰጣቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ሻንጣ የሚያክል ማሽን ነው። አልጋቸው አጠገብ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል፤ ከመልመዳችን የተነሳ አንሰማውም።

ዓርብ ዓርብ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ሚስ ሩት ሁለት ሻማ ያበሩና ዐይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ይጸልያሉ። ሻማ ስል የፕላስቲክ፣ በባትሪ የሚበራ ነው። ኦክስጅን ባለበት ክፍል እሳት አይታሰብማ! ቱቦው፣ አንሶላው፣ ፀጉራቸው ሳይቀር በአንድ ብልጭታ ይያያዛል። «እሳት ክልክል ነው» የሚለውን ማስጠንቀቂያ በራቸው ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ። ይህን ያዙልኝ።

አብራኝ የምትሠራው ዘሃራ የጅማ ልጅ ናት፤ በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች። ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ተጣልተን አናውቅም። ግን ፍሪጁ ውስጥ ላይኛው መደርደሪያ የእሷ፣ ታችኛው የእኔ ነው። ድስታችን ለየብቻ፣ ቢላችን ለየብቻ። እሷ የእኔን ሥጋ አትበላ፣ እኔ የእሷን አልበላ። አገር ቤት እንደለመድነው ማለት ነው። እሷ ስትሰግድ እኔ ኮሪደሩ ላይ ኮቴዬን አጠፋለሁ፤ እኔ ስጸልይ እሷ ስልኳን ዝም ታሰኛለች። እውነቱን ልናገርና፣ በልቤ ግን «ይቺ ደግ ሴት፣ ምናለ መንገዱን ባገኘችው» እል ነበር። እሷም ስለ እኔ እንደዚያው ትል እንደነበር ኋላ ነገረችኝ።

ንፋሱ ከጠዋት ጀምሮ ነበር። ጥዶቹ ጎንበስ ቀና ሲሉ በመስኮት እያየሁ «ዛሬስ ሰላም አይደለም» እላለሁ። ልክ ስምንት ሰዓት ሲሆን መብራቱ ሁለቴ ብልጭ ድርግም አለና ጠፋ። ማሽኑ ሲጥ ሲጥ እያለ ጮኸ። ከዚያ እሱም ዝም አለ።

ያ ጸጥታ! የሚስ ሩት ትንፋሽ ወዲያው ተሰማኝ፤ ከሩቅ እንደሚጎተት ነገር ስር ስር ይል ነበር።

እንዲህ ላለው ጊዜ የሚሆን የብረት ሲሊንደር አለን። ሮጬ አመጣሁና ቱቦውን ቀየርኩ። ኦኬ፣ ተረፍን ብዬ የቀረውን የሚያሳየውን ጌጅ ሳይ ክው አልኩ። መርፌዋ ከሩብ በታች ወርዳለች። ለካ ከትናንት በስቲያ የመጡትን ሁለት ሲሊንደሮች ትናንት ተጠቅመውባቸዋል! ታኮማ ከተማ ያለው ልጃቸው ለበዓሉ ምሳ ወስዷቸው ነበር፤ ሲመለሱ አንደኛው ሲሊንደር ባዶ፣ ሁለተኛው ይቺ ነች። አዲሶቹ ያን ቀን ከሰዓት ነበር የሚመጡት።

ሚስ ሩትን የምትከታተለው ነርስ ጋ ኮል አደረግሁ። ጌጁን አነበብኩላት። አሰላችና «ባለበት ከቀጠለ ከአንድ ሰዓት ከሩብ አይበልጥም» አለችኝ። «ግማሹን መቀነስ ትችያለሽ፤ ግን ጣታቸው ላይ የደም ኦክስጅን መለኪያውን አድርገሽ ቁጥሩን ተከታተይ። ከሰማንያ ስምንት እንዳይወርድ። ቁጥሩን ሳታዪ እንዳትቀንሺ፣ እሺ?»

እሺ አልኩ። መለኪያውን ጣታቸው ላይ ባደርገው አይበራም። ባትሪው ሞቷል።

እትዬ ለተ ጋ ደወልኩ። «ጀነሬተሩን ከቡሪየን ጭኜ መንገድ ላይ ነኝ፣ ግን መኪናው ሁሉ ቆሟል፣ አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። ገና ስልኩን ሳልዘጋ ውጭ አንድ ነገር ተሰነጠቀ፤ ቀጥሎ መሬቱ ነዘረ። ከመንገዳችን መግቢያ ላይ ያለው ትልቁ ጥድ ከነሥሩ ተነቅሎ መንገዱ ላይ ተጋድሟል። ለድንገተኛ እርዳታ 911 ደወልኩ። የሚያናግረኝ ሰውዬ በእርጋታ፣ በየቦታው ዛፍ ወድቆ መንገድ እየተቆረጠ መሆኑን፣ እንደሚደርሱልን፣ ግን መቼ እንደሆነ መናገር እንደማይችል ነገረኝ። ሚስ ሩትን በዊልቸር አውጥቶ ያን ዛፍ መሻገር ደግሞ የማይሞከር ነው።

ሚስ ሩት ዐይናቸውን ጨፍነዋል። ከንፈራቸው ወይን ጠጅ መምሰል ጀምሯል። ዘሃራ ገና መብራቱ ሳይጠፋ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብታ ዐስር የሚባለውን የከሰዓት ሰላቷን ጀምራ ነበር። እኔ ብቻዬን ነኝ።

እና ምን ባደርግ ጥሩ ነው?

ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁት ጧፍ አይጠፋም። ስፈራ እጄ ወደዚያ ነው የሚሄደው፤ እናቴም እንደዚያው ነበረች። ጧፉን አወጣሁ። ክብሪት ጫርኩ። ከአልጋው አንድ እርምጃ የምትርቅ ኮመዲኖ ላይ አቆምኩትና «አቡነ ዘበሰማያት» ብዬ ጀመርኩ። በር ላይ የለጠፍኩት ወረቀት፣ የወሰድኩት ሥልጠና፣ የሰባት ዓመት ልምድ፣ ሁሉም ከጭንቅላቴ ብን ብሏል። ጧፉ ሲበራማ ትንሽ ተረጋጋሁ። ጉዴን ስሙ!

ዘሃራ መስገጃዋን እንደያዘች በሩ ላይ ብቅ አለች። መስገጃውን ጥላ ዘለለችና የሚነደውን ጧፍ በባዶ እጇ ጨብጣ አጠፋችው። ሰሙ እጇ ላይ ሲፈስ አየሁ። የተቃጠለ ቆዳ ሸተተኝ።

አሁን የምነግራችሁን ለንስሐ አባቴ ስናገርም አፍሬያለሁ። ደሜ ፈላ። «አንቺ! በዚህ ሰዓት እንኳ ጧፌን?! ጸሎቴ ምን አደረገሽ? እኔ ሰላትሽን ረግጬብሽ አውቃለሁ?» ብዬ ጮኽኩባት። ሃይማኖቴን ጠልታ ያጠፋችው ነው የመሰለኝ። በዚያ ሰዓት፣ ሰው ሊሞት እያጣጣረ፣ የታየኝ እሱ ነው።

ዘሃራ የተቃጠለ እጇን በሌላው እጇ እንደያዘች፣ በአገጯ ወደ በሩ ጠቆመችኝ። የራሴ ወረቀት። እሳት ክልክል ነው።

ቱቦውን ሳይ፣ ጧፉ ከነበረበት ክንድ አይርቅም። ሚስ ሩትን ከነነፍሳቸው ላነዳቸው ነበር! ዘሃራ እግር ላይ ወድቄ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ተነሺ» አለችኝ። «ኋላ ታለቅሺያለሽ። አሁን መርፌዋን እዪልኝ።»

መርፌዋ ወርዳለች። የመለኪያውን ባትሪ ነገር ነገርኳት። እጇን ውሃ እንኳ ሳታስነካ መሳቢያ ሁሉ ገለባበጠች፤ እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ የገለባበጠችውን እገለብጣለሁ። የእጅ ባትሪው ድንጋዮች ወፍራም ናቸው፣ አይገቡም። የቴሌቪዥኑ ሪሞትም ወፍራም ነው። በቃ፣ ሁለት ቀጭን ባትሪ አጥተን ሴትዮይቱ እጃችን ላይ ሊያልፉ ነው።

«ሻማዎቼ» አሉ ሚስ ሩት።

ሁለታችንም ዞርን። ዐይናቸውን ገልጠዋል።

«ሻማዎቼ ውስጥ አንድ አንድ ቀጭን ባትሪ አለ። አውጡት።»

እኔ አመነታሁ። ለፀሐይ መጥለቂያ የቀረው ትንሽ ነው፤ እኚህ ሴት ደግሞ ሆስፒታል ተኝተው እንኳ ያንን ጸሎት አስታጉለው አያውቁም። «ዛሬ እኮ ዓርብ ነው፣ በምን ሊጸልዩ ነው?» አልኳቸው።

«ሃኒ፣ የእኔ ማር» አሉኝ፣ በሁለት ትንፋሽ መሐል፣ «እግዚአብሔር በጨለማ ያያል። ቁጥሩን ማየት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።»

ባትሪዎቹ ልክ ገቡ። መለኪያው በራ፤ ዘጠና ሁለት። ዘሃራ ኦክስጅኑን በግማሽ ቀነሰችው። ዘጠና አንድ። ዘጠና። እዚያ ላይ ቆመ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሁለት ሰዓት እንዴት እንደማወራው አላውቅም። ምንም አልተደረገም፤ ቁጭ ብለን ያቺን ቁጥርና ያቺን መርፌ ብቻ ማየት ነው። ቤቱ እየቀዘቀዘ ሄደ። ያለንን ብርድ ልብስ ሁሉ ደረብንላቸው። ውጭ ጥዶቹ በተሰነጠቁ ቁጥር ጣሪያው ላይ መጣብን እያልን አንገታችንን እንቀብራለን። እኔ መቶ ጊዜ መስኮቱ ጋ ሄጄ ተመልሻለሁ። ማንም የለም። ዘሃራ የሚስ ሩትን እግር በደህናው እጇ ታሻለች፤ የተቃጠለው መዳፏ ውሃ ቋጥሮ አብጧል። አንዴ እንኳ አመመኝ አላለችም።

ቁጥሩ ሰማንያ ዘጠኝ ሲሆን፣ ክፍሉም መጨለም ሲጀምር፣ ሚስ ሩት ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁ። ነገርኳቸው። «ሻማዎቼን አምጡልኝ» አሉ። ባዶ መሆናቸውን ሳስታውሳቸው «ዐይኔን ሸፍኜ አይደል የምጸልየው? ቢበራም አላየውም» አሉና ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

ሁለቱን ባዶ የፕላስቲክ ሻማ ትሪ ላይ አድርጌ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩ። እጃቸውን ማንሳት አቃታቸው። ዘሃራ አንዱን ክንዳቸውን፣ እኔ ሌላውን ደግፈን ዐይናቸው ላይ አደረስንላቸው። በዕብራይስጥ ጀመሩ። ትንፋሻቸው እያጠረ፣ እያቆሙ፣ ደግመው እየጀመሩ።

ዘሃራ ነፃ እጇን፣ ያንን የተቃጠለውን፣ ወደ ላይ ዘርግታ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። እኔ መሐል ላይ ቀረሁ። ከሌላ እምነት ሰው ጋር አብሮ መጸለይ አይገባም ሲባል ነው ያደግሁት፤ ልክ አይደለም ብዬ የምከራከርም ሰው አይደለሁም። አሁን እዚህ መቆሜ ኃጢአት ይሆን? ብዬ በእውነት ፈራሁ። ግን ክንዳቸውን ብለቀው እጃቸው ይወድቃል። አልለቀቅሁም። «አቤቱ፣ የእኚህን ሴት ትንፋሽ አትውሰድ» አልኩ። ዘሃራን ኋላ ስጠይቃት እሷም ያለችው እሱኑ ነው፤ በኦሮምኛ። ሚስ ሩት ሲጨርሱ «አሜን» የሚለው ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። አስቤ ያልኩት አይደለም።

እጃቸውን ስናወርድ ቁጥሩ ሰማንያ ሰባት ሆኗል።

ዘሃራ ቀና ብላ አየችኝ። ብንጨምረው ሲሊንደሩ በደቂቃዎች ያልቃል። ካልጨመርነው ደግሞ ዓይናችን እያየ ሊያልፉ ነው። «ሙሉ፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ድምጿ ሲንቀጠቀጥ ያን ዕለት ገና ሰማሁ።

«ጨምሪው» አልኳት። «ከአምላክ ጋር ነው።» ጨመረችው። ቁጥሩ ወጣ፤ መርፌዋ ግን ቀዩ ላይ ተኛች።

ያኔ ነው መስኮቱ ላይ ጥላ ያየሁት። ንፋሱ ላይ በተጨመረው ዝናብ መሐል፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠመ ባለ ረጅም ጢም ሰው፣ ትከሻው ላይ አንድ ነገር ተሸክሞ በሣሩ ላይ ወደ ቤቱ ይመጣል።

«ቄስ መጡ!» ብዬ ጮኽኩ።

ዘሃራ ከኋላዬ ብድግ ብላ «ሼህ ናቸው!» አለች።

ሁለታችንም በሩን ለመክፈት ስንሮጥ ተጋጨን። ሰውዬው ቄስም ሼህም አልነበረም። ኦክስጅን የሚያመላልሰው ሾፌር ነው። መደበኛው ሾፌር ለበዓሉ ስለቀረ በእሱ ፈንታ የመጣ፣ ከዚያ በፊት አይተነው የማናውቅ። መኪናውን ከወደቀው ዛፍ ማዶ ፓርክ አድርጎ፣ ሁለት ሲሊንደር ትከሻው ላይ ጭኖ፣ በቅርንጫፎቹ መሐል እየዳኸ ነው የመጣው። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ ጥምጥሙ ውሃ ያንጠባጥባል። ዝርዝሩ ላይ የሚስ ሩትን ስም ሲያይ፣ ሰፈሩ መብራት እንደሌለው ሲሰማ፣ መመለስ አልሆነልኝም አለን።

አዲሱን ሲሊንደር ሲገጥም እጁ ላይ የብረት አምባር አየሁ። ሲጨርስ ግንባሩን ነካ አድርጎ በራሱ ቋንቋ አንድ ቃል አለ፤ በሹክሹክታ። ቁጥሩ ዘጠና፣ ዘጠና ሁለት፣ ዘጠና አራት ሆነ። የሚስ ሩት ከንፈር የሰው ከንፈር ሲመስል ሦስታችንም ወለሉ ላይ ቁጭ አልን። ያኔ አለቀስኩ፤ ዘሃራ «ኋላ» ብላኝ የለ? እጇን በቀዝቃዛ ውሃ ይዤ ነው ያለቀስኩት። ሾፌሩን ሃይማኖቱን አልጠየቅሁትም። ፎጣ ብቻ ሰጠሁት።

እትዬ ለተ ጀነሬተሩን ይዘው የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። የእሳቱንም ነገር ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ክፉኛ ተቆጡኝ፤ ልክ ናቸው። ሥልጠናውንም እንደገና ከዜሮ ወሰድኩ።

አንድ ሳምንት ሙሉ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሚስ ሩት ያን ጊዜ ዐይናቸውን ጨፍነው ስለነበር ምንም አላዩም ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ዓርብ፣ አዲስ ባትሪ ሻማቸው ውስጥ ከትቼ፣ አልጋቸው ሥር ተንበርክኬ ነገርኳቸው። «ላቃጥልዎት ነበር። ይቅር በሉኝ» አልኩ።

«አይቼዋለሁ» አሉኝ።

እንዴት? አልኩ።

«ክብሪቱ ሲጫር ዐይኔን ገለጥኩ። አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ትጸልዪ ነበር። አጥፊ ልልሽ አፌን ከፈትኩ።» ትንሽ ተነፈሱ። «አራት ዓመት እውነተኛ እሳት ፊት አልጸለይኩም፣ ሙሉ። ሊጠፋ ነው፣ አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ዝም አልኩ። ሞኝነት ነው፤ የሒሳብ አስተማሪ እንዲህ አያደርግም። ዘሃራ ባትመጣ ኖሮ ሁለታችን ነን የምንጠየቀው።»

ወይ ጉድ! ያን ቀን ከፈራሁት ሁሉ የበለጠ የፈራሁት ይህን ስሰማ ነው።

ሚስ ሩት ደህና ናቸው። እኔና ዘሃራ ሥጋችን አሁንም ለየብቻ ነው፣ መደርደሪያችንም እንደዚያው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እሷም ሰላቷን አታሳልፍም። «ምናለ መንገዱን ባገኘችው» የሚለውን ግን ከዚያ ወዲህ ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። ሰው ሲጨንቀው የሚጮኸው ወደማን እንደሆነ በዐይኔ አይቻለሁ።

ጧፉን አልጣልኩትም። ዘሃራ ስትጨብጠው ለስላሳ ስለነበረ፣ አራቱ ጣቶቿ ሰሙ ላይ ታትመው ቀርተዋል። ዳግመኛ አላበራሁትም፤ ዳዊቴ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ጸሎት ሳደርስ ያቆምኩበትን ገጽ ይዘው የሚጠብቁኝ የዘሃራ ጣቶች ናቸው።